ግድቡ ተጠናቀቀ፤ ምጣዱስ?

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ብሂል ለብዙ ዘመን በቁጭት ሲነገር ኖሯል። ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ የሚወርደው ታላቅ ወንዝ የደጋውን አፈር እየጠረገ ሲጓዝ፣ ባለ አገሩ ግን ከኩራዝ ብርሃንና ከጉልቻ ጢስ ሳይላቀቅ ትውልድ በትውልድ ተተክቷል። ስለዚህም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ ብሂሉ ዘመኑ ያለፈበት መስሎ የታየው ሰው ጥቂት አልነበረም። ይህ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ሲሆን በአፍሪካ ካሉት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ይልቃል። ገበሬው፣ መምህሩና ነጋዴው በገዙት ቦንድ ጭምር፣ በአገር ውስጥ ገንዘብ የተገነባ መሆኑ ደግሞ ኩራቱን እጥፍ ያደርገዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከደመወዛቸው ቦንድ ከገዙት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብሎ በጎዛምን ወይም በስናን ወረዳ መንገድ በማለዳ የተጓዘ ሰው፣ ከግድቡ ምረቃ በፊት ያየው የነበረውን ጢስ ዛሬም በየጎጆው ክዳን መካከል ሲወጣ ያያል። ያ ጢስ የእንጀራ ጢስ ነው። ግድቡ ሊተካው ከሚገባው ነገር ሁሉ የመጀመሪያው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በፖሊሲ ሰነዶቻችንም ሆነ በባንኮቻችን መዝገብ ውስጥ የመጨረሻውን ቦታ ይዞ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ፣ የንጹሕ ኃይል ቴክኖሎጂ ጉዳይ በአገራችን የሚለካው በሜጋ ዋት ብዛት ሳይሆን በምጣዱ ሥር ባለው እሳት መሆን እንደሚገባው፣ ይህም እስካሁን ለምን እንዳልሆነና ምን ቢደረግ ሊሆን እንደሚችል ያለኝን አስተያየት ለውድ አንባብያን አቀርባለሁ።

ኃይላችን የት ይሄዳል?

ኢትዮጵያ ከምትጠቀምበት ጠቅላላ ኃይል ውስጥ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከማገዶ እንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት የሚገኝ መሆኑ ለአሥርት ዓመታት ሲነገር የቆየ ሐቅ ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በቤት ውስጥ የሚነድ ሲሆን፣ ከቤት ውስጡ ፍጆታም ትልቁን ድርሻ የሚወስደው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እርሱም እንጀራ መጋገር ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው የቤተሰብ ጥናት ከ10 የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ከ6 የሚበልጡት በሦስት ጉልቻ እንደሚያበስሉ አመልክቷል።

የሦስት ጉልቻ ችግር ከፊዚክስ አንጻር ሲታይ ግልጽ ነው። እሳቱ በሁሉም አቅጣጫ ክፍት በመሆኑ ሙቀቱ ወደ ጎን ይበተናል፤ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል፤ እንጨቱ በሚገባ ሳይቃጠል ግማሹ በጢስ መልክ ያመልጣል። ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ስፋት ያለው የሸክላ ምጣድ ደግሞ ሙቀትን በዝግታ የሚያስተላልፍ ነገር ስለሆነ፣ እስኪሰማ ድረስ ብዙ ማገዶ ይበላል። በዚህ ምክንያት በእንጨቱ ውስጥ ካለው ኃይል ለሊጡ የሚደርሰው ከ10 በመቶ ብዙም የማይርቅ ነው። የቀረው ቤቱን ያሞቃል፤ ጣራውን ያጠቁራል፤ ሳንባም ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ከቤት ውስጥ ጢስ ጋር በተያያዙ በሽታዎች ያለ ጊዜያቸው ሞተዋል። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ልጅ ሆኖ ያደገ ሁሉ ይህን ቁጥር ለመረዳት ሰንጠረዥ አያስፈልገውም። እናቶቻችን ሊጡን በአንድ እጃቸው እያፈሰሱ በሌላው እጃቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ያየነው ነው።

ደጋው የሚያስከፍለው ተጨማሪ ግብር

የጎጃም ደጋ ነዋሪ ከቆላው ሰው ይልቅ ብዙ ማገዶ የሚፈልግበት ምክንያት ብርዱ ብቻ አይደለም። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ግን የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎ መፍላቱም ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጮቄ ተራራ ወገብ ላይ፣ 3,500 ሜትር በሚደርሰው ከፍታ፣ ወደ 88 ዲግሪ ይወርዳል። ባቄላውና አተሩ እንዲበስል የሚያደርገው የውኃው መፍላት ሳይሆን የሙቀቱ መጠን ነው። ስለዚህ የስናን ባለቤት ድስቷ ከቆላ ጎረቤቷ ድስት ቀድሞ ይንተከተካል፣ ባቄላዋ ግን ዘግይቶ ይበስላል። በየቀኑ የምትከፍለው ይህ የከፍታ ግብር በማንኛውም የኃይል ፖሊሲያችን ውስጥ አልተመዘገበም።

ሁለተኛው የደጋው ግብር የሚከፈለው ከማሳው ነው። ከጮቄ አናት በታች ባሉት ቀበሌዎች ዛፉ እየተመናመነ በመሄዱ ኩበት ዋና ማገዶ ሆኗል። ኩበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈሩን የሚያያይዘው ብስባሽ ነገርም አብሮ ይጠፋል። በብዙ ስፍራ አሲዳማነቱ የጨመረው የጎጃም አፈር ከዚህ የተነሣ ማዳበሪያም፣ ኖራም እየተጨመረበት የሚሰጠው ምርት የሚጠበቀውን ያህል አይሆንም። ብስባሽ ያጣ አፈር ደግሞ ክረምት ሲመጣ በቀላሉ ይታጠባል፤ ከጮቄ የሚነሡት ወንዞች ተሸክመውት ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ዓባይም ወደ ግድቡ ይወስደዋል። እንግዲህ በምጣዱ ሥር የሚነደው ኩበትና በግድቡ ሐይቅ ሥር የሚከማቸው ደለል የአንድ ሰንሰለት ሁለት ጫፎች ናቸው። የምጣዱን ጉዳይ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አድርጎ ወደ ጎን ማድረግ፣ ቢሊዮኖች የፈሰሱበትን የግድቡን ዕድሜ ጉዳይም ወደ ጎን ማድረግ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

በዚህ ዘርፍ ምንም አልተሞከረም ማለት ግን ትልቅ በደል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ባለሙያዎች የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚቀረጽ ሲሆን፣ የምጣዱን እሳት ዙሪያውን በመክበብ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ለከሰል ከተዘጋጀውና የኬንያን የሸክላ ምድጃ አርዓያ ከተከተለው «ላቀች» ጋር፣ ምርጥ ምድጃ የአገር ፈጠራ ለአገር ችግር መልስ ሊሰጥ እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። የስኬቱ ምሥጢር ሁለት ይመስለኛል። አንደኛ፣ ባለሙያዎቹ የጀመሩት ከእንጀራ ነው፤ ሌላ አገር ለድስት የተሠራውን ወስደው ምጣድ አልጫኑበትም። ሁለተኛ፣ ምድጃውን በነጻ ከማደል ይልቅ በየከተማው አምራቾች ሠልጥነው እንዲሸጡት ተደረገ። በዚህም ምድጃው ሲሰበር የሚጠግነውና ሲታጣ የሚሠራው ሰው በአቅራቢያው ተገኘ።

የባዮጋዝ ታሪክ ከዚህ ለየት ይላል። ባዮጋዝ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአምቦ እርሻ ኮሌጅ በተሠራ ማብላያ ነው። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራውን የጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም፣ ከኔፓል የተወሰደውንና «ስንዱ» የተባለውን ንድፍ ይዞ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በአምስት ዓመት 14,000 ማብላያዎችን ለመሥራት ተነሣ። በተባለው ጊዜ የተሠሩት ከ8,000 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ። ቁጥሩ በራሱ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከማብላያው ጋር የተሰጠው የጋዝ ምድጃ ወጥና ቡና እንጂ እንጀራ የሚጋግር አልነበረም። ለባዮጋዝ የሚሆን ምጣድ የመጣው ዘግይቶ ነው። አንዲት የጎዛምን እናት፣ ማብላያው ግቢያቸው ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ለምን አሁንም እንጨት እንደሚሸከሙ ስጠይቃቸው፣ ጋዙ ለድስቱ እንጂ ለምጣዱ እንዳልሆነ፣ ምጣዱ ደግሞ ከድስቱ ሁሉ የሚበልጥ በላተኛ እንደሆነ አስረድተውኛል። ከዚህ የተሻለ የኃይል ትንታኔ በብዙ ወርክሾፖች ላይ አልሰማሁም።

የአየር ንብረቱም ጉዳይ አለ። እበትን ወደ ጋዝ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን በሚገባ የሚሠሩት በ35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች ሥራቸው በእጅጉ ይዘገያል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሊቆም ይቃረባል። እንግዲህ ለደጀን ቆላና ለጮቄ ደጋ አንድ ዓይነት ንድፍና አንድ ዓይነት የወረዳ ኮታ መስጠት፣ ጤፍና ገብስን በአንድ ማሳ በአንድ ቀን እንደ መዝራት ነው። ይህን ለማወቅ የውጭ ባለሙያ አያስፈልግም ነበር፤ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ቢጠየቅ ይበቃ ነበር።

በዚህ ላይ የፖሊሲ ዕቅዶቻችን የቁጥር ፍቅር ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ተከትሎ እስከ 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን የተሻሻሉ ምድጃዎችን ማሠራጨት ታቅዶ ነበር። «ተሠራጨ» የሚለው ቃል ግን ከመጋዘን መውጣቱን እንጂ በየዕለቱ መንደዱን አይነግረንም። ኃላፊነቱም በየጊዜው ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውሯል። የኢነርጂ ዘርፍ ከማዕድን ሚኒስቴር ጋር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከውኃ ጋር ተዋሐደ፤ ከዚያ መስኖ ተጨመረበት፤ በ2021 መስኖ ተለይቶ ወጣ። የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽኑም በ2013 ለሁለት ተከፈለ። አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ሳይሆን አይቀርም። የሚገርመው፣ በምሳሌው ትርጉም ጉልቻው በየጊዜው ሲለዋወጥ፣ በእውነተኛው ጎጆ ውስጥ ያለው ጉልቻ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከዚህ ሁሉ መካከል ያለ ኮታና ያለ ፕሮጀክት የተስፋፋ አንድ ፈጠራ ቢኖር በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ የታየው የዲከረንስ ግራር ነው። ከአውስትራሊያ የመጣውን ይህን ዛፍ ገበሬዎች በአሲድ በተጎዳ ማሳቸው ላይ ተከሉት። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል እህል ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣር ያጭዳሉ፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ ማሳውንም መልሰው ያርሱታል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል። በአፈር ከሰል ማክሰል አብዛኛውን የእንጨቱን ኃይል የሚያባክን መሆኑ፣ በቅርብ ዓመታትም በዛፉ ላይ የወረደው ዋግ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ መደገፍ ያለውን አደጋ ማሳየቱ እውነት ነው። ነገር ግን ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም የሚለውን አባባል ይህ ታሪክ ውድቅ ያደርገዋል። ገበሬው ከራሱ የእርሻ ዘመን ጋር የሚሄድና ገንዘቡን የሚመልስለት ነገር ሲያገኝ ማንንም አይጠብቅም።

የኪሎ ዋትና የኪሎ ዋት ሰዓት ልዩነት

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። «ግድቡ አለ፤ እንግዲህ ሁሉም በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግር» የሚል አስተያየት በብዛት ይሰማል። አሳቡ በመሠረቱ ትክክል ነው። ሆኖም ከመቀበላችን በፊት በጥቂት ቀላል ስሌት እንፈትነው።

በየከተማው የምናውቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር፣ በሳምንት 10.5 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በዓመት 546 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠቀማል። አንድ ሚሊዮን ቤተሰቦች እንዲሁ ቢያደርጉ በዓመት የሚፈልጉት 546 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት በመሆኑ፣ የአንድ ሚሊዮን ቤተሰብ እንጀራ የግድቡን ምርት 3.5 በመቶ ብቻ ይወስዳል ማለት ነው። ኃይል ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ፣ እንዲሁም ለዲጂታል ገንዘብ ኮምፒዩተሮች የሸጠች አገር ይህን ያህሉን ለእናቶቿ ታጣለች ብሎ መከራከር አይቻልም።

ነገር ግን ሁለተኛው ስሌት ፊቱን ያጠቁራል። ከእነዚያ አንድ ሚሊዮን ቤተሰቦች አንድ አራተኛው ብቻ በአንድ ሰዓት ምጣዳቸውን ቢያበሩ 875 ሜጋ ዋት ይፈልጋሉ። ይህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ዐቅም ካለው ከጣና በለስ ማመንጫ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። የበዓል ዋዜማ ላይ አምፖሎቻችን እንደ ኩራዝ የሚደበዝዙበትን ምክንያት ከዚህ መረዳት ይቻላል። ችግሩ በገጠር ቀበሌ ይብሳል። 50 ኪሎ ቮልት አምፔር ዐቅም ያለው አንድ የመንደር ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ የሚሸከመው 14 ምጣዶችን ነው። አሥራ አምስተኛዋ ባለቤት ምጣዷን ስትሰካ የመንደሩ ብርሃን አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የጎደለን ኃይል ሳይሆን፣ ኃይሉን በልኩ የሚጠቀም ምጣድ ነው። አሁን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ለከተማ መስመር የተሠራ ነው፤ ከታች በኩል በበቂ ስላልተሸፈነ ሙቀቱን ወደ መሬት ይበትናል፤ ወፍራሙ ሸክላ ደግሞ ለመስማት ጊዜ ይወስዳል። ሸክላው ቢሳሳ፣ ሥሩ በሙቀት ከላይ በሆነ ነገር ሳይሆን ሙቀትን በማያሳልፍ ነገር ቢሸፈን፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቀላል መሣሪያ ቢጨመርበት፣ የሚስበውን ኃይል በእጅጉ መቀነስ እንደሚቻል የሙቀት ሳይንስ ያስተምረናል። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ፣ የፀሐይን ሙቀት አጠራቅሞ እንጀራ ለመጋገር የተደረጉት ምርምሮች በዚህ ረገድ የአገራችን ተመራማሪዎች ዐቅም እንደማያንሳቸው ያሳያሉ። የጎደለው ከምርምር ጽሑፉ ወደ ገበያው የሚያሻግር ድልድይ ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ያማከርኋቸው ተማሪዎች ሥሩ የተሸፈነ ምጣድ ሠርተው ጋግረውበት ነበር። ተመረቁ፤ ተጨበጨበላቸው፤ ምጣዱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። እስከ ዛሬም ያለው በዚያው ነው። ከእርሱ ጎን የሌሎች ዓመታት ተማሪዎች ሥራዎች በአቧራ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ይህ የአንድ ቤት ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

በአገራችን የንጹሕ ኃይል ገንዘብ በሁለት ጫፎች ይገኛል። በአንደኛው ጫፍ ግድብ አለ፤ ለእርሱ ቦንድ ይሸጣል። በሌላኛው ጫፍ የዕርዳታ ፕሮጀክት አለ፤ እርሱም ሦስትና አራት ዓመት ቆይቶ ይዘጋል። በመካከሉ ያለው፣ ማለትም አንድ አምራች ሁለት መቶ ምጣድ ለመሥራት፣ አንዲት ባለቤት ደግሞ አንዱን ለመግዛት የሚያስፈልጋቸው ገንዘብ፣ ባለቤት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የጸደቀ የዓለም ባንክ ፕሮጀክት በልማት ባንክ በኩል ለፀሐይ ኃይል ዕቃ አስመጪዎችና በአነስተኛ ብድር ተቋማት አማካይነት ለቤተሰቦች ብድር እንዲደርስ ማድረጉ ጥሩ ጅምር ነበር። ነገር ግን የዚያ ብድር ትልቁ ጥቅም የውጭ ምንዛሪ ማስገኘቱ ነበር፤ ተጠቃሚውም በዋነኛነት አስመጪው እንጂ የአገር ውስጥ ምጣድ ሠሪ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወጥቷል። ይህ ሁኔታ በሲሚንቶ፣ በሸክላና በአገር እጅ ለሚሠራው ነገር አመቺ ጊዜ መሆን ነበረበት። ሸክላ ሠሪው ግን ባንክ ሲሄድ የሚጠየቀው ቤትና መኪና ነው።

ለገበሬው ቤተሰብ የሚሰጠውም ብድር ሌላ እንከን አለበት። ባንክና ብድር ተቋም ምድጃን የፍጆታ ዕቃ አድርገው ያዩታል፤ «ገቢ አያስገኝም» ይላሉ። የማገዶ ሸክም የወሰደው ቀን፣ የነደደው ኩበት ያስቀረው ገብስ፣ የታመመ ዓይን ያስወጣው የሕክምና ወጪ በመዝገባቸው ውስጥ ስለሌለ ነው እንጂ፣ ገቢ ማስገኘቱስ ያስገኛል። የክፍያ ጊዜውም በየወሩ ይሆናል። የጎጃም ገበሬ ግን ደመወዝተኛ አይደለም፤ እጁ ላይ ገንዘብ የሚገኘው እህሉ ከተወቃ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ነው። በነሐሴ ክፈል ማለት፣ ዘር ለመዝሪያ ካኖረው ላይ ሽጥ ማለት ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለብዙ ዓመታት በገበሬው መካከል ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል። ባንክ መሆኑ መልካም ነው፤ የገበሬውን የቀን መቁጠሪያ ግን በዚያ መካከል እንዳይረሳው ያሰጋኛል።

የካርቦን ሽያጭ የሚባለውም መንገድ ተስፋ የተጣለበት ነው። አሳቡ ቀላል ነው፤ ምድጃው ያዳነው ማገዶ ወደ ካርቦን ቶን ተቀይሮ በውጭ ለሚገዛ ድርጅት ይሸጣል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 በታወቀ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በምድጃ ፕሮጀክቶች ስም የተሸጠው የካርቦን መጠን በአማካይ ከእውነተኛው ከ9 እጥፍ በላይ ተጋኖ እንደተገኘ አሳይቷል። በዚህ ምክንያት ገዢዎች እየተጠራጠሩ ነው። ይህ ለእኛ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። ከእንግዲህ ዋጋ የሚያገኘው በሚገባ የተለካ ምድጃ ነው፤ መለካት ደግሞ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ሥራ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት አራት ነጥቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መለኪያው ይለወጥ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት «ይህን ያህል ምድጃ ተሠራጨ» በሚለው ፈንታ «ከዓመት በኋላ ይህን ያህሉ ይነዳል፤ ይህን ያህሉ ተሰብሯል» በሚለው ይተካ። ይህን በየዓመቱ በናሙና ለመቁጠር በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተማሪዎች ከበቂ በላይ ናቸው። ለእነርሱም ከወረቀት የማይገኝ ትምህርት ይሆንላቸዋል።

ሁለተኛ፣ ለምጣድ ደረጃ ይውጣ። ከተወሰነ ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ፣ ሥሩም ያልተሸፈነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀስ በቀስ ከገበያ እንዲወጣ፣ ደረጃውን የሚያሟላው ደግሞ ከታክስ ነጻ እንዲሆን ይደረግ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በአንድ ውሳኔ ከልክሏል። መኪና ያለው ሰው ስንት ነው? ምጣድ የሌለው ቤትስ ስንት ነው? ለመኪናው የተገኘው ድፍረት ለምጣዱ ሊታጣ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ብድሩ ከአዝመራ ጋር ይታረቅ። ክፍያው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከውቂያ በኋላ ይሁን። ዋስትናውም እቁቡና እድሩ ይሁን። ሃያ ሴቶች በየሳምንቱ እቁብ ቢጥሉና ዕጣ የወጣላት ሁሉ ምድጃ ብትገዛ፣ በሃያ ሳምንት ሃያ ቤት ከጉልቻ ይወጣል። ባንኩ የሚጨምረው ነገር ቢኖር የመጀመሪያዎቹን ሃያ ምድጃዎች በአንድ ቀን እንዲገቡ ማድረግ ብቻ ነው፤ ቀሪውን እቁቡ ራሱ ይከፍለዋል።

አራተኛ፣ ግድቡ ለምጣዱ ይክፈል። ከውጭ የኃይል ሽያጭ ከሚገኘው ገቢ መቶኛ ጥቂቱ፣ በክልል ደረጃ ለሚቋቋም የምድጃና የምጣድ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ቢመደብ፣ የቦንዱ ባለቤት የሆነው ገበሬ ከግድቡ የመጀመሪያውን ፍሬ በጎጆው ይቀምሳል። ደለሉንም በመቀነስ ግድቡ ራሱ ይጠቀማል። ከዚህ የበለጠ ገንዘቡን የሚመልስ የተፋሰስ ሥራ ማሰብ ይከብዳል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«አብዛኛው ገጠር መስመር አልደረሰውምና ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ መናገር ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ከላይ የጠቀስሁት የዓለም ባንክ ጥናትም በወቅቱ ከዋናው መስመር ኃይል የሚያገኘው ቤተሰብ ሲሶ ያህል ብቻ እንደነበረ አሳይቷል። ስለዚህም ነው መንገዱ አንድ መሆን የለበትም የምለው። መስመር ላልደረሰው ለጮቄ አናት ምርጥ ምድጃ፣ ለሞቃታማው ቆላ ባዮጋዝ ከነምጣዱ፣ መስመር ለደረሰው ለመንገድ ዳር ቀበሌ ደግሞ አነስተኛ ኃይል የሚስብ ምጣድ ይሁን። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ እንዲጨምር መወሰኑም፣ ኃይል ቆጣቢው ምጣድ ለድኻው ቤት ይበልጥ አስፈላጊ መሆኑን ያሳያል እንጂ አሳቡን አያፈርሰውም።

ሌላው ተቃውሞ የጊዜው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ያለው ግጭት መንገዱን፣ ገበያውንና ትምህርት ቤቱን ባወከበት ወቅት ስለ ምድጃ መጻፍ ምን ይሉታል? በእውነቱ ይህን ጥያቄ ለራሴም ደጋግሜ አቅርቤዋለሁ። መልሴ ይህ ነው፦ በሰላምም ሆነ በጦርነት ጊዜ እንጀራ ይጋገራል። መንገድ ሲዘጋና የከሰል መኪና ሲቀር የማገዶው ጭንቅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በአቅራቢያ ከሚገኝ ሸክላና አሸዋ የሚሠራ ምድጃ ከሩቅ ከሚመጣው ዕቃ ሁሉ ይልቅ እንዲህ ያለውን ጊዜ ይችላል።

ማጠቃለያ

ሕዝባችን ከጥቂት ብር ጀምሮ እያዋጣ በዓለም ከሚጠቀሱት ግድቦች አንዱን ሠርቷል። እንግዲህ «ገንዘብ የለንም» የሚለው ምክንያት ከጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋ የለውም። «ዕውቀቱ የለንም» እንዳንልም ምርጥ ምድጃ ከተሠራ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የቀረው ፈቃዱና ቅንጅቱ ነው፤ ይህም በአብዛኛው በእኛ፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በባንኮች፣ እጅ ያለ ነው። እኔ በበኩሌ በግምጃ ቤት ያለውን የተማሪዎቼን ምጣድ አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ዘንድሮ በጎዛምን አንድ ጎጆ ውስጥ ለመሰካት ወስኛለሁ። ውድ አንባቢም በየተቋሙ ግምጃ ቤት የተቆለፈበት ምጣድ እንዳለ ቁልፉን ይጠይቅ እላለሁ። የዓባይ ልጅ ውኃ የጠማው ወንዙ ስላልነበረው ሳይሆን መቅጃ ስላጣ ነበር። ግድቡ ወንዙን ይዞልናል፤ መቅጃው ምጣዱ ነው።